ጕልሕ ፊደል፤ ጠባዩና ሥራው

ጕልሕ ጽሕፈት ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቻችን ስንጠየቅ «ወፍራም ፊደል ነዋ!» ብለን እናልፈዋለን። በኮምፒዩተር ስንጽፍም አንድ ቁልፍ ተጭነን ቃሉን ስናወፍረው ጕልሕ ያደረግነው ይመስለናል። ነገር ግን ቃሉ መጕላትን እንጂ መወፈርን አያመለክትም። የጐላ ነገር ከሩቅ የሚታይ፣ ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅ ነው። አንድ ፊደል እጅግ ወፍሮ ሳይጐላ ሊቀር ይችላል፤ እንዲያውም በመወፈሩ ምክንያት የማይነበብበት ጊዜ ብዙ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ልዩነት በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ እኛ ግን እየረሳነው ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጽሔታችን አዘጋጅ ኰሚቴ የሽፋኑን ስምና የየጽሑፉን ርእስ በሌላ ዓይነት ፊደል ለመለወጥ አስቧል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ አሁን በየካናቴራውና በየቡና ቤቱ በር ላይ የሚታየውን፣ የድሮ አሜሪካ ማስታወቂያ የሚመስለውን፣ ጫማ ያጠለቀ ወፍራም ፊደል ይመርጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያለውን ፊደል በኮምፒዩተር ማወፈር ይበቃል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ከመወሰናቸው በፊት ወፍራም ፊደል ከየት እንደ መጣና ለምን ሥራ እንደ ተፈጠረ ቢያውቁት ደግ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፈረንጆቹ ጥቂት እንበል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።) በላቲን ፊደል በየመስመሩ ራስና እግር ላይ የሚጨመረው ትንሽ አግድም ጭረት ሰሪፍ ይባላል። እኛ ጫማ ብንለው አያስቸግርም። ጫማው ጥንታዊ ነው፤ ሮማውያን በድንጋይ ላይ በቀረጹት ጽሑፍ ይገኛል፤ በ113 የተመረቀው የትራያን ዐምድ ጽሑፍም እስከ ዛሬ ለፊደል ቀራጮች እንደ መማሪያ ይቈጠራል። የወፍራሙ ፊደል ዕድሜ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በለንደን ሮበርት ቶርንን የመሳሰሉ ፊደል ቀራጮች ከዚያ በፊት ያልታየ እጅግ የወፈረ ፊደል አወጡ። የታሰበው ለመጽሐፍ አልነበረም። የፋብሪካ ዕቃና የሎተሪ ወረቀት የሚሸጥ፣ ቲያትር የሚያሳይ ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያውን ይለጥፍ ስለ ነበረ፣ ከጐረቤቱ ይልቅ የሚጮኽ ፊደል ያስፈልገው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ዳርየስ ዌልስ በ1828 ከእንጨት የተቀረጹ ትልልቅ ፊደሎችን በዝርዝር አሳትሞ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በፊልም የምናየው የ«ይፈለጋል» ማስታወቂያ መልክ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። በየካናቴራው ላይ የምናየው ድቡልቡል ወፍራም ፊደል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኩፐር ብላክ ዘመድ ነው፤ ይኸውም ኦስዋልድ ኩፐር የተባለ የቺካጎ ሰው በ1922 ያወጣው ነው።

ለማስታወቂያ ሳይሆን ለመጽሐፍ የተበጀ ወፍራም ፊደል የታወቀው በ1845 ነው። በዚያ ዓመት የለንደኑ ሮበርት ቤዝሊ ክላረንደን የተባለውን ፊደል በሕግ አስመዘገበ። የክላረንደን ዋና ሥራ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈታውን ቃል ከፍቺው መለየት ነበር። ቅጠሉን ገልጦ ቃል የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ወዲያው እንዲያርፍበት ያደርገዋል።

ከዚህ ላይ አገራችንን የሚነካ ነገር አለ። ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ በ1839 ከክራፕፍ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ወደ ሸዋ መጥቶ፣ አንኮበርን አይቶ፣ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ሄዷል። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ በ1841፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ ደግሞ በ1842 በለንደን ታተሙ። እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ የወጣው ክላረንደን ከመመዝገቡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ ነው። ግን ኢዘንበርግ ወፍራም ፊደል አላስፈለገውም። የአማርኛው ቃል በግዕዝ ፊደል፣ ፍቺው በላቲን ስለ ተጻፈ ፊደሉ ራሱ ለያያቸው። ይህን የምጠቅሰው ወፍራም ፊደል በላቲን ዓለም ውስጥ የተወለደ፣ የዚያን ዓለም ችግር ለመፍታት የተፈጠረ መሣሪያ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እኛስ? የእኛ ፊደልም በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነበር፤ የንጉሥ ዔዛና ጽሑፍ ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአክሱም ቆሞ ይገኛል። ነገር ግን ዛሬ የምናውቀውን የፊደላችንን መልክ የሰጠው መሮ ሳይሆን ብርዕ ነው። ጸሐፊው መቃውን ቈርጦ ጫፉን ጠፍጠፍ አድርጎ ይቀርጸዋል። ይህ ጠፍጣፋ ጫፍ በብራናው ላይ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም መስመር ይወጣል፤ ወደ ጐን ሲሄድ ወይም ሲታጠፍ ቀጭን መስመር ይሆናል። ብርዑ የሚያርፍበትና የሚነሣበት ጫፍ ደግሞ ሰያፍ ሆኖ እንደ ሽብልቅ ይቀራል። እንግዲህ የፊደላችን ሰሪፍ ካለ ይህ ነው፤ ከውጭ የተጨመረ ጫማ ሳይሆን የብርዑ አረጋገጥ ምልክት ነው። ቁም ጽሕፈት የሚባለውም ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እግሩ የተስተካከለ ፊደል ስለ ሆነ ነው፤ ጽሕፈቱን የሚያውቀውም ቁም ጸሐፊ ይባላል።

ጕልሕ የሚባለው የጽሕፈት ዓይነት የጐለመሰው በጐንደር ነገሥታት ዘመን፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ነው። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ሆዱ ሰፊ ነው፤ እግሮቹ ወፍራም ሆነው በመካከላቸው አየር አለ። በአንድ ገጽ ላይ የሚሰፍረው መስመር ጥቂት ነው። የጕልሑ ተቃራኒ ረቂቅ ይባላል። ረቂቅ ጽሕፈት ቀጭንና የተጠጋጋ ሆኖ ብራና ለመቈጠብ፣ ለግል ንባብና በመስመሮች መካከል ለሚጻፍ ማስታወሻ ይመቻል። እዚህ ላይ የገንዘብም ጉዳይ አለ፤ በጕልሕ መጻፍ ማለት በብዙ ፍየል ቆዳ ላይ መጻፍ ማለት ነው። ባለጠጋ ወይም ንጉሥ ያላስጻፈው ትልቅ የጕልሕ መጽሐፍ ማግኘት የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጕልሕን የወለደው ባለጠግነት ብቻ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በዘመናቸው መጨረሻ መቀመጫቸውን በከተማችን በደብረ ብርሃን አድርገው እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። እኒሁ ንጉሥ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዐት ማድረጋቸውም የታወቀ ነው። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ለአንድ ሰው ዓይን ሳይሆን ለብዙ ሰው ጆሮ የተጻፈ ነው። አንባቢው ቆሞ፣ በጧፍ ብርሃን፣ መጽሐፉን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያነባል። ቢሳሳት የሚሰማው ሕዝብ ብዙ ነው። ጕልሕ ጽሕፈት በሙሉ መልኩ የታየው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ እንዲፈጠር ያስገደደው ችግር እንዲህ ያለው ንባብ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጕልሕ ዋና ጠባዩ ግርማ ነው የሚሉት ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት። ግርማው አለ፤ ሥራው ግን በደብዛዛ ብርሃን መነበብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የላቲኑን ጫማ ለግዕዝ ፊደል ብናጠልቅለት ምን ይሆናል? «በ»ን እንመልከት። ይህ ፊደል ሁለት እግር አለው፤ አናባቢውም የሚታወቀው በእግሩ ነው። ካዕቡ «ቡ» በቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት አለው። ሳልሱ «ቢ» ያን ጭረት በቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ ያደርጋል። ራብዑ «ባ» ግራ እግሩ ያጥራል። ኃምሱ «ቤ» በቀኝ እግሩ ግርጌ ቀለበት አለው። ሳብዑ «ቦ» ቀኝ እግሩ ያጥራል። እንግዲህ ለግዕዙ «በ» በሁለቱም እግሩ ግርጌ እንደ ፈረንጅ ጫማ ጭረት ብንጨምርለት፣ የቀኙ ጭረት «ቢ» ያደርገዋል! የ«ባ»ን አጭር እግር በጫማ ብናስረዝመውም ከሌላው ጋር ይቀራረባል። ለላቲን ጌጥ የሆነው ጭረት ለእኛ አናባቢ ነው። «ለ»ን፣ «ሰ»ን፣ «ከ»ንም ብትመረምሩ ሳልሳቸው በዚያው በእግር ጭረት ይለያል። በዚህ ምክንያት ባለ ጫማ የአሜሪካ ፊደል መስሎ የተሠራ አማርኛ ለጊዜው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን አንባቢው ቃሉን የሚያውቀው ገምቶ ነው። የቡና ቤት ስም ከሆነ ግምቱ ይበቃው ይሆናል። የጽሑፍ ርእስ ሲሆን ግን አይበቃውም።

«ጫማውን ትተን እናወፍረው» ለሚሉት ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለኝ፤ የሰሜን ሸዋ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። «ሜዳ» እና «ሚዳ» ብላችሁ ጻፉ። አንደኛው ኳስ የምንጫወትበት ሲሆን ሁለተኛው ሚዳ ወረሞ ብለን የምንጠራው ወረዳችን ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ቀለበት ቀዳዳ ናት። ኮምፒዩተሩ ፊደሉን ሲያወፍር በየመስመሩ ዙሪያ ቀለም ይጨምራል፤ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይጨምራል። ቀለበቷ ትደፈናለች። ከዚያ በኋላ «ሜ» እና «ሚ» እግራቸው ላይ ጕብ ያለ ነጥብ ያላቸው ወንድማማቾች ይሆናሉ። ጽሑፉ በማባዣ መኪና ሲባዛ ደግሞ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ጥቂት ስለሚሰፋ የቀረችውም ክፍተት ትጠፋለች። በሦስት እግር የሚቆሙት «ጠ» እና «ሐ» ዕጣቸው ከዚህ የከፋ ነው፤ እግሮቻቸው ተጣብቀው ጥቁር ድንጋይ ይመስላሉ።

የብራናው ጸሐፊ ይህ ችግር ያልደረሰበት ለምንድን ነው? ፊደሉን ያወፈረው እያሰፋ ስለ ነበረ ነው። ብርዑ ሰፊ ሲሆን ፊደሉ አብሮ ይተልቃል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ሆዱና ቀለበቱ ይከፈታሉ። ደግሞም ውፍረቱን የሚያኖረው በቁመቱ ላይ ብቻ ነበር፤ መገጣጠሚያዎቹን ቀጭን አድርጎ ይተዋቸዋል። ኮምፒዩተሩ ግን ቁመቱንም ማጠፊያውንም እኩል ያወፍራል። መኪናው ማንበብ አይችልም፤ የትኛው ጭረት ጌጥ፣ የትኛው አናባቢ መሆኑን አያውቅም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከግራኝ ጦርነት ሸሽተው ሮም የገቡት የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። በመጽሐፉ ውስጥም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ እነርሱም የማተም ሥራ አያውቁም ነበርና። በእኔ አስተያየት የግዕዝ ፊደል የኅትመት ታሪክ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአመዛኙ የዚህ ዓይነት ትብብር ታሪክ ነው። ፊደሉን የሚያውቀው መሣሪያውን አያውቅም፤ መሣሪያውን የሚያውቀው ፊደሉን አያውቅም።

ለማተሚያ ቤት ደግሞ ወጪው ቀላል አልነበረም። የላቲን ፊደል የሚቀርጽ ሰው ትልቁንና ትንሹን ጨምሮ 52 ፊደል ቀርጾ ዋናውን ሥራ ይጨርሳል። ለእኛ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ሃያዎቹ ዲቃላዎች ሲጨመሩ 251 ይሆናሉ፤ ሃያ የግዕዝ ቍጥሮችም አሉ። ወፍራም ጓደኛ ይሠራለት ቢባል ይህ ሁሉ እንደገና መቀረጽ አለበት። አቋራጭ መፈለግ የማይቀር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአማርኛ ታይፕራይተርም ቍልፍ ስላልበቃው ፊደሉን ከአካሉና ከቅጥያው ቀጣጥሎ ይጽፍ ነበር።

በኮምፒዩተር ዘመን ችግሩ በግማሽ ተቃልሏል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በየትኛውም አገር መኪና ላይ ሊጻፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የምንጠቀምባቸውን ፊደሎች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው ፊደል የቁም ጽሕፈትን መልክ የተከተለ ያማረ ፊደል ነው፤ ነገር ግን የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላም እንዲሁ ነው። እነዚህን አወፍራለሁ ብሎ ቍልፍ የሚጫን ሰው የሚያገኘው ቀራጩ ያላየውን፣ መኪናው በራሱ የለጠፈውን ውፍረት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ ግን ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ድረስ በየደረጃው ሆን ተብሎ የተቀረጸ ነው፤ ወፍራሙም የራሱ የሆነ ቅርጽ አለው። ስሙ ሰሪፍ ቢሆንም የላቲን ጫማ የለውም፤ በቀጭንና በወፍራም መስመር መለያየቱና በጫፉ ሰያፍነት ነው ሰሪፍ የተባለው። ወፍራም ርእስ የግድ ከተፈለገ እንግዲህ ከዚህ ዓይነቱ ይወሰድ።

ግን የግድ ነው ወይ? የብራና ጸሐፊዎች በጽሑፍ መካከል አንድን ቃል ለመለየት አላወፈሩትም፤ ቀለሙን ለወጡ። የምዕራፉ መጀመሪያ፣ የቅዱሳን ስም፣ የመጽሐፉ ባለቤት ስም በቀይ ይጻፋል። ፊደሉ ያው ነው፤ ውፍረቱም ያው ነው። ይህ እጅግ ብልህ ዘዴ ነው። ቀይ ቀለም የማንንም ቀለበት አይደፍንም። እኛ ግን ከፈረንጅ መጽሐፍ አይተን በየሦስት መስመሩ አንድ ቃል ማወፈር ለምደናል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን ገልጣችሁ እዩ፤ ግማሹ ወፍራም ከሆነ የቱ ነው የጐላው? ፊደላችንን ወደ ጐን ማዘንበልም እንደዚሁ ነው፤ ቁም የተባለውን ጽሕፈት ማስተኛት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ጕልሕ በመንገድ ዳር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ብዙ ሰው የሚያያት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። የሱቁን ስም ለማንበብ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሰሌዳዎቻችን ግን በጠባብ ቦታ አምስት ቃል አጣብቀው፣ እያንዳንዱን አወፍረው፣ በዙሪያው ሌላ ቀለም ቀብተውበታል። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ውፍረት ጭራሹን አይረዳም፤ በጭጋግ ውስጥ ፊደል የሚለየው በመስመሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ሁለት ቃል በትልቁ፣ ሰፋ ተደርጎ፣ በሁሉም ጐኑ ባዶ ቦታ ተትቶ ቢጻፍ ከአምስት ወፍራም ቃላት ይበልጥ ይነበባል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ጕልሕ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የተማሪ መጽሔት የድጓ ገጽ መምሰል የለበትም» አለኝ። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሐረግና መስቀል አድርገን ሽፋኑን ብናስጌጥ ልክ ነበር። ነገር ግን ጠፍጣፋ ብርዕና ሰፊ ሆድ ሃይማኖት የላቸውም። በአልዩ አምባ ገበያ ዕቃውን የሚሸጠው አርጎባም፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሸጠውም የሚጽፉት በዚሁ ፊደል ነው፤ ሰሌዳው እንዲነበብለት ሁለቱም ይፈልጋሉ። ከዚህም ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትተን የምንቀበለው የአሜሪካ ሎተሪ ማስታወቂያ ፊደል ከሆነ፣ ከአንዱ ባህል ወደ ሌላው ተዛወርን እንጂ ከባህል ነጻ አልወጣንም።

ስለዚህ ለኰሚቴው የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። የመጽሔቱ ውስጥ ጽሑፍ አሁን ባለው ፊደል ይቀጥል፤ ጕልሕ ለረጅም ንባብ በትንሽ ወረቀት ላይ አይሆንም፤ ገጻችንን በእጥፍ ያበዛዋል፤ እኛ ደግሞ ባለ ብዙ ፍየል አይደለንም። የየጽሑፉ ርእስ ሳይወፍር በመጠን ብቻ ከፍ ይበል፤ ከላዩና ከታቹ አንድ አንድ መስመር ባዶ ይተውለት። የሽፋኑን ስም ግን ከኮምፒዩተር አንውሰደው። በከተማችንና በአካባቢዋ በመቃ ብርዕ መጻፍ የሚያውቁ ቁም ጸሐፊዎች ዛሬም አሉ። የስሙ ፊደሎች ከአሥር አይበልጡም። አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው በጕልሕ ቢጽፉልን፣ ያንኑ እያነሣን ለብዙ ዓመት ልናባዛው እንችላለን። ከመወሰናችን በፊት ለሙከራ «ሜዳ» እና «ሚዳ» የሚሉት ቃላት በሦስት መልክ ተጽፈው፣ በማባዣችን ተባዝተው፣ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፉ፤ አንደኛው በመኪና የወፈረ፣ ሁለተኛው ባለ ጫማ፣ ሦስተኛው በእጅ የተጻፈ ጕልሕ ይሁን። ከአሥር እርምጃ ርቀት ቆሞ ያላንዳች ጥርጥር የሚያነበውን እያንዳንዱ ተማሪ በወረቀት ጽፎ ለኰሚቴው ጸሐፊ ይስጥ።